ሐምሌ ላይ ሞፈር ይሰቀል ወይ? በበዓል ቀን እርሻ ላይ የተደረገ ክርክር

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋና ወይናደጋ ክርስቲያን ገበሬ በቅዱሳን ቀን አያርስም። ቅዳሜና እሑድም በሬ አይጠምድም። ይህ ልማድ እርሻውን ጎድቷል ወይስ ጠብቋል? ሁለት የጎጃም ሰዎች ተከራክረውበታል። አንዷ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በልማት ጣቢያ የሠራች የግብርና ባለሙያ ነች። ሌላው የቆሎ ተማሪ ሆነው አድገው፣ ኋላ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የተጻጻፉትን እንዳለ አቅርበነዋል።

ባለሙያዋ

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። በዓል ይጥፋ ብዬ አልመጣሁም። እኔም ማርያምን እየዘከርኩ ያደግሁ ነኝ። ጥያቄዬ በተለይ ስለ አንድ ወር ነው፤ ስለ ሐምሌ።

እስቲ እንቁጠረው። 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስና አቦ። 7 ሥላሴ። 12 ሚካኤል። 19 ገብርኤል። 21 ማርያም። 23 ጊዮርጊስ። 27 መድኃኔ ዓለም። 29 ባለ እግዚአብሔር። ስምንት ቀን ሆነ። ቅዳሜና እሑድን ይጨምሩበት። የተደራረበውን ብንቀንስ እንኳ ከ30ው ቀን ግማሽ ገደማው በሬ ሳይጠመድበት ያልፋል። አጥቢያው ኪዳነ ምሕረት ወይም ተክለ ሃይማኖት ከሆነ ደግሞ ያም ይታከላል።

ይኼ ግንቦት ላይ ቢሆን ምንም አልልም ነበር። ሐምሌ ግን ጤፍ የሚዘራበት ወር ነው። የጤፍ መሬት ሦስት አራት ጊዜ ይታረሳል፤ ከዚያም በላይ የሚያርስ አለ። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ አፈሩ በደንብ መለስለስ አለበት። ዋልካ አፈር ደግሞ አመሉ ከባድ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ውሃ ሲጠግብ በሬው ይሰምጥበታል። ለማረሻ የሚመቸው በመሐል ያሉት ጥቂት ቀናት ብቻ ናቸው። ማክሰኞ ዘነበ እንበል። ሐሙስ መሬቱ መጠነ። ሐሙስ ግን 21 ሆነ። ዓርብ ዶፍ ወረደ። ይህ ገበሬ ያጣው አንድ ቀን አይደለም፤ ሳምንት ነው። መስከረም ላይ ዝናቡ ቶሎ ከወጣ ያ ዘግይቶ የተዘራ ጤፍ ፍሬ ሳይሞላ ይቀራል።

አጨዳ ላይም እንደዚሁ ነው። ኅዳር 12 ሚካኤል፣ ኅዳር 21 ጽዮን፣ ታኅሣሥ 19 ገብርኤል። የደረሰ ጤፍ ይረግፋል። ያልታሰበ ዝናብ ከመጣበት በቆመበት ይበላሻል።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ፍርሃቱ ነው። አንድ ሰው በጊዮርጊስ ቀን ቢያርስና በሳምንቱ በረዶ ቢመታ፣ በረዶው በእሱ ይላከካል። ጎረቤት እሳትና ውሃ ይከለክለዋል። ከእድርም ሊወጣ ይችላል። ልጆቹ የሚበሉት ያጠረው አባወራ መሬቱን እያየ ቁጭ የሚለው ሁልጊዜ ጽድቅ ፈልጎ እንዳይመስልዎት። ሰውን ፈርቶም ነው።

ደግሞስ ቤተ ክርስቲያን ራሷ በየወሩ ግዝት ብላ የምታስጠብቀው ሦስት ቀን አይደለም? ሚካኤል፣ ማርያም፣ ባለ እግዚአብሔር። ሌላውን እንዲህ ያከበድነው እኛ ነን። ያከበድነውን ማቅለል ለምን ያቅተናል?

መምህሩ

ልጄ፣ ቆጠራሽ ትክክል ነው። ግን ሁሉም ገበሬ ሁሉንም ቀን አይጠብቅም። አንዱ አጥቢያ ጊዮርጊስን ያከብራል፤ ወንዝ ተሻግረሽ ያለው በዚያው ቀን ሲያርስ ይውላል። በትንንሹ በዓል ደግሞ የተከለከለው ማረስና መቆፈር እንጂ ሥራ ሁሉ አይደለም። አጥር ይታጠራል፣ ገበያ ይኬዳል። በጭፍን የተዘጋ ቀን አድርገሽ አትይው።

አሁን ወደ ሥሩ ልግባ። ቅዳሜን ከእሑድ ጋር ማክበር ትልቅ ክርክር ያለፈበት ነገር ነው። ቅዳሜም ይከበር ይሉ የነበሩት መነኩሴ የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት በዚሁ ምክንያት ተሰደዋል። ነገሩ የተቋጨው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ በፈረንጆቹ 1450 ነው። የእመቤታችን በዓላት እንዲህ እንዲበዙ ያደረጉትም እኒሁ ንጉሥ ናቸው። ማን ተጠቀመበት ብለሽ ጠይቂ። ጌታው ሎሌውን እሑድ ሊያሳርሰው አይችልም ነበር። በማርያም ቀን ሊያሳርሰው አይችልም ነበር። ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓት፣ የሠራተኛ ማኅበር በሌለበት አገር ለደካማው የቆመለት ይኸው ቀን ነበር። በሬውም አብሮ ያርፋል። ሐምሌ ላይ የበሬ አጥንቱ ይቆጠራል፤ በጋውን ጭድ እየበላ ነው የከረመው። ገና ሣሩ ማደጉ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ነው የሚያርሰው። ያ በሬ ቢወድቅ ሁለት ቤት ነው የሚፈርሰው።

ይህ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። ጋና ውስጥ አሻንቲዎች ሐሙስ መሬት አይነኩም። ምድርን አሳሴ ያ ይሏታል፣ ሐሙስ ቀኗ ነው። ፋንቴዎች ዓርብን ይጠብቁላታል። በጋና ባሕር ዳርቻ ደግሞ ማክሰኞ ጀልባ አይወጣም፤ ባሕሩ ያርፋል። የተራቀቀ መሣሪያ ያላቸው ትልልቅ መርከቦች አሣውን ሲጨርሱት፣ ማክሰኞን የሚጠብቀው ምስኪን አሣ አስጋሪ ነው ኋላ ቀር የተባለው? አፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያለውን ልማድ ሁሉ የልማት ጠላት ማድረግ ከተለመደ ቆይቷል። አልስማማበትም።

ድህነቱን በበዓል ላይ አትጫኝብኝ። መሬቱ ጠቧል፤ ልጅ ሲያገባ ከአባቱ ማሳ ተቆርሶለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ጮኋል። ስንት የእርሻ ቀን ያኔ እንዳለፈ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ያንን ጊዜ ማንም ቅዱስ አልወሰደውም።

ባለሙያዋ

የማዳበሪያውን ነገር አልከራከርዎትም። የበደል በደል ነው። ግን አንዱ በደል ሌላውን አያስቀርም። ማዳበሪያ ዘግይቶ የደረሰው ገበሬ ነው በተለይ ቀን የሚያጥረው። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ለመድረስ የሚሯሯጥ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ቢያርስ ምን ይተርፈዋል?

የጋናን ስላነሱልኝ ደስ ብሎኛል። የሐሙሱም የማክሰኞውም ልማድ በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ቀኑም አይንቀሳቀስም። እሱ ላይ ተመሥርቶ ሥራን ማቀድ ይቻላል። ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። አሣው እየመነመነ ሲሄድ ማክሰኞ ብቻውን አልበቃም። መንግሥት ባሕሩ በዓመት ለአንድ ወር ያህል እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረበ። በፈረንጆቹ 2018 ሊጀመር ሲል አሣ አስጋሪዎቹ ተቃወሙ፤ ተላለፈ። በ2019 ለትንንሽ ጀልባዎችም ተግባራዊ ሆነ። ልማዱ ሳይፈርስ አዲስ ነገር ተጨመረበት። የዕረፍቱ ቀን ለምን እንደተያዘ አይተው፣ ለዚያ ዓላማ የሚበቃውን ፈለጉ። እኔም የምጠይቀው ይኼንኑ ነው። የእኛ በዓል በሬና ድሃን ለማሳረፍ ከሆነ፣ በሬውንና ድሃውን የሚያሳርፍ ስንት ቀን ነው? በክረምት ስንት፣ በበጋ ስንት? ይኼን ቁጭ ብሎ የቆጠረ ሽማግሌ አላየሁም።

ደግሞ ዕረፍት ዕረፍት ሲሉ የማን ዕረፍት ነው? በማርያም ቀን ወንዱ ቅዳሴ ቆይቶ ማኅበር ይገባል። ጠላውን የጠመቀችው ማን ነች? ዳቦውን የደፋችው? ውሃው በበዓልም ከወንዝ ይቀዳል፣ ልጅ በበዓልም ይታዘላል። እንግዳ ሲበዛ ሥራው እንዲያውም ይጨምራል። በሥራዬ ምክንያት በብዙ ቀበሌ በበዓል ቀን ስብሰባ ጠርቻለሁ፤ ገበሬው የሚገኘው ያኔ ነውና። ወንዶቹ ይመጣሉ። ሴቶቹ ጓዳ ናቸው። ሎሌውን ያሳረፈው ቀን ሚስትን አላሳረፈም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ መስኖ። መራዊ አጠገብ ያለው የኮጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ ነው የተሠራው። በመስኖ ውሃ በተራ ነው የሚደርሰው። ተራህ ወር በገባ በ12፣ በሚካኤል ቀን ቢወድቅስ? ሽንኩርቱ እስከሚቀጥለው ተራ አይጠብቅም። ዝናብን ብቻ እያየን የሠራነው የበዓል ልማድ መስኖ ሲመጣ እንደነበረ ሊቆይ አይችልም። ይኼ የእምነት መዳከም አይደለም። አስተራረሳችን ስለተለወጠ ነው።

መምህሩ

የሴቶቹ ነገር እውነት ነው፤ እውነቱን ሳልቀበል አላልፍም። ግን መድኃኒትሽን አልተቀበልኩትም። ወንዱ በማርያም ቀን እንዲያርስ ብትፈቅጂለት ሚስቱ አታርፍም። ምሳ ማሳ ድረስ ተሸክማ የምትሄድበት ቀን ጨመርሽላት እንጂ። ከዚያ ይልቅ ወንዱ በበዓል ቀን ውሃ ይቅዳ። እንስራ በበዓል አይነካም የሚል ግዝት የለም። ይህን ቄሱ ከዐውደ ምሕረት ላይ ቢናገሩት ከአሥር ስብሰባ ይበልጣል።

በረዶውን በተመለከተ፣ ጎረቤትን እሳት መከልከልን አልደግፍም። በረዶ የማን ኃጢአት አመጣው ብሎ መፍረድ የሰው ሥልጣን አይደለም። ንስሐ አባቶች ይህን አጥብቀው ማስተማር አለባቸው። ሆኖም አንድ ነገር አስተውዪ። እድርም ቀሪውን ይቀጣል፤ ደቦ ተጠርቶ የቀረም ይወቀሳል። የጋራ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው የሚቆመው። በዓሉን ብቻ ነጥለሽ ጨቋኝ አትበዪው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በደርግ ጊዜ ካድሬ መጥቶ ገበሬውን በበዓል ቀን ለስብሰባና ለዘመቻ ሥራ ያስወጣ ነበር። ለገበሬው የተረፈው ቂም ነው እንጂ ምርት አይደለም። ዛሬም በጥርና በየካቲት በተፋሰስ ሥራ እርከን ሲሠራ ይውላል። እርከኑ ጥሩ ነው፤ ወጣቱን ወጥቶ ሲሠራ ሳይ ደስ ይለኛል። ግን ገበሬው ያለ ክፍያ ለመንግሥት ዕቅድ የሚሰጠው ቀን ልማት ተብሎ፣ ለአምላኩ የሰጠው ቀን ብክነት ሲባል እሰማለሁ። ይኼ ሚዛን ልክ አይደለም። ቀኑ የገበሬው ከሆነ ለማን እንደሚሰጠው የሚወስነው እሱ ነው።

ሌላም አለ። በዓል ቀን ሽማግሌ የሚቀመጥበት ቀን ነው። ድንበር የተገፋፉ ሁለት ሰዎች ዛፍ ሥር የሚታረቁት በሥራ ቀን አይደለም። ፍርድ ቤት ለመሄድ ወረዳ ከተማ ድረስ የሚሄድ ገበሬ ስንት የእርሻ ቀን እንደሚያጠፋም ቁጠሪልኝ። ደም ሳይፈስ የቀረበትን ቀን በኩንታል ልትለኪው አትችይም።

ባለሙያዋ

ሽምግልናውን አልነካሁትም፤ እንዲያውም በሽምግልናው ነው መፍትሔ የምፈልገው። ወረዳ ይወስን አላልኩም። ካድሬም አልፈልግም። ሰበካ ጉባኤው ግንቦት ላይ፣ ዝናብ ሳይገባ ይቀመጥ። ቄሱ ይኑሩ፣ ሽማግሌዎች ይኑሩ፣ ሴቶችም ጓዳ ሳይሆን ወንበር ላይ ይኑሩ። ሦስቱ ግዝቶችና እሑድ ይከበሩ። ዓመታዊ ክብረ በዓላትም እንዳሉ ይሁኑ። ሐምሌና ኅዳር ላይ የቀሩት ቀናት ግን ለእያንዳንዱ ሰው ፈቃድ ይተዉ። ሊያከብር የፈለገ ያክብር። ሊያርስ የፈለገ ያርስ፤ ማንም እሳት አይከልክለው። በሰንበት ጉድጓድ የገባውን በግ የማያወጣ ማን አለ ብሎ ጌታ ራሱ ጠይቋል። የእኛ በግ ማሳ ላይ ያለው ጤፍ ነው።

መምህሩ

በግንቦቱ ጉባኤ እስማማለሁ። ሴቶቹም ይምጡ። የደረሰ እህል ዝናብ ሲያስፈራራው በማንኛውም ቀን ይሰብሰብ፣ ይህንም ቄሱ ይፍቀዱ። የመስኖ ተራም እንዲሁ።

እርሻው ላይ ግን ለእያንዳንዱ ፈቃድ ያልሽው አይዋጥልኝም። ጥንድ በሬ ያለውና ቅጥረኛ መቅጠር የሚችለው በጊዮርጊስም በአቦም ያርሳል። በመቀናጆ የሚያርሰው ጎረቤቱ ላክብር ቢል ቀንበር ተጋሪው እምቢ ይለዋል፤ ሳይወድ ይወጣል። ቅጥረኛውም ማረፍ ልፈልግ ቢል እንጀራውን ያጣል። ፈቃድ ያልሽው የባለ ጥንዱ ፈቃድ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቀኑ ይቀነስ ከተባለ ለአጥቢያው ሁሉ በአንድነት ይቀነስ። ሁሉም ያርስ፣ ወይም ሁሉም ይረፍ። ግንቦት ላይ ስንቀመጥም የምከራከረው ይኼንኑ ነው።