ፉከራው እስኪያልቅ መድፉ ይጠብቅ

ዘንድሮም የካቲት 23 መጣ፤ ዘንድሮም የዓድዋ ድራማ ታየ። ምን አለፋችሁ፣ አይታችሁታል። የኔ ድርሻ ማመስገን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ልብስ ክፍሉ ይመስገን። ከጥቅምት ጀምሮ ከአዲስ አበባ ዓድዋ ድረስ ተራራ ወጥቶ ገደል ወርዶ የደረሰ ሠራዊት፣ ጋቢው ላይ ጠብታ ጭቃ የለም። የካውያው መስመር እንኳ አልጠፋም።

ልቤን የሰረቀው ግን ጀግናው ነው። ጠላት መድፉን ጠምዶ ተዘጋጅቷል። ጀግናችን ብቅ ይልና ጎራዴውን ይመዛል፣ ካሜራው ይዞረዋል፣ ፉከራው ይጀመራል። አባቱን ይጠራል፣ አያቱን ይጠራል፣ ፈረሱን ይጠራል። ጣሊያኑስ? ያዳምጣላ! መድፈኛው እጁን መድፉ ላይ አድርጎ በጨዋ ደንብ ቆሟል። ጀግናው ትንፋሽ ሲያጥረውም አይተኩስበትም፣ ነውር ነዋ። ሁለተኛው ዙር ይቀጥላል፣ አሁን ምስሉ ዘግየት ብሎ። ከኋላ ያሉት አርበኞች «አሃ!» እያሉ ሲያሟሙቁ አንደኛው ካሜራውን አየት አድርጎ ደንግጦ ዞረ። መሐል ላይ የዘይት ማስታወቂያ ገባ። ስንመለስ ሰውዬው አሁንም ይፎክራል፣ ጣሊያኑም አሁንም ቆሟል። በስተመጨረሻ ጎራዴው አንዴ ሲወዛወዝ ስድስት ሰው ወደቀ። ሦስቱ የወደቁት ጎራዴው ሳይደርስባቸው ነው፤ ሰዓት ለመቆጠብ ይመስለኛል።

ጄኔራሉም ምስጋና አይነሳ። ቢጫ ዊጉ በግንባሩ ወርዶ «ኢኔ ሀበሻ መግዛት!» ይላል። ለማን? ለገዛ መኮንኖቹ። ጣሊያን ለጣሊያን በተሰባበረ አማርኛ! ከዚያ ወይኑን ይጨልጣል፣ ካርታውን ገልብጦ ያያል፣ እኛም እንስቃለን።

የካርታው ነገር ከተነሳ፣ እውነተኛው ታሪክ ከዚህ ሁሉ ዊግ ይበልጣል። የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ጦሩን በሌሊት ከፋፍሎ አንቀሳቀሰ፤ አንዱን ክፍል የመራው ጄኔራል አልቤርቶኔ ካርታው ላይ የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ ቦታ ተሳስቶ ስለነበር ከሌላው ጦር ተነጥሎ በጣም ርቆ ሄደ፣ ነጋበት፣ ተከበበ፣ ተማረከ። ይህን የሚያህል ትዕይንት ጥለው ወይን ያስጠጡታል።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ባራቲየሪ ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ ነበረው። ጅል አልነበረም። ጅልን ማሸነፍማ ምን ይደንቃል? መቀሌ ላይ ስንቱ ወገን ከጣሊያኑ ምሽግ ሥር ረግፎ ነው እቴጌ ጣይቱ የምሽጉን ውሃ ያስያዙት። እነ ሰላዩ ባሻ አውአሎም የጠላትን ጆሮ በሐሰት ወሬ የሞሉት ነፍሳቸውን አስይዘው ነው። ሠራዊቱም ጦርና ጋሻ ብቻ ይዞ አልመጣም፤ አብዛኛው ጠመንጃ ነበረው፤ ጠመንጃው ደግሞ በአንድ ጀንበር የተሰበሰበ ሳይሆን ለዓመታት ታስቦበት የተገዛ ነው። ስንቅ አልቆ ሠራዊቱ ሊበተን ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። ያን ሁሉ መንገድ እህል የፈጩት፣ ውሃ የተሸከሙት፣ ቁስለኛ ያነሱት ሴቶች የት ሄዱ? በድራማው ያለችው አንዲት ሴት ናት፣ እሷም በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ንቀት ነው ይሄ! ጠላትን ያዋረዱ መስሏቸው የሚያራክሱት እዚያ የወደቁትን ነው። አስበው፣ ተርበው፣ ሞተው ያሸነፉ ሰዎችን በጩኸት አሸነፉ ብሎ ለልጅ ማስተማር ምን ይሉታል?

በሉ ወደ ምስጋናዬ። ድራማው ሲያልቅ የአዘጋጆቹን ስም ዝርዝር እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ሜካፕ አራት ሰው። ድሮን ሁለት። ፀጉር ሥራ፣ ለብቻው። የታሪክ አማካሪ የሚል ፈልጌ አጣሁ። ምሳ ላቀረበው ሆቴል ግን ልዩ ምስጋና ተጽፏል፣ በትልቁ፣ ከነስልክ ቁጥሩ።