«አንድ ብቻ ነው የተሠራው» ማለት መልስ አይደለም

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ይፋ ያደረገው የቀላል አውሮፕላኖች ደንብ አብራሪው በቀላሉ ለሚያዝዛቸው፣ ከስሕተቱም ለሚጠብቁት የበረራ መቆጣጠሪያዎች በር ከፍቷል። ይህን ተከትሎ አንድ የአቪዬሽን ተንታኝ ሐሳቡ ከኮምፒውተር ዘመን በፊት ሊታሰብ እንኳ የማይችል እንደነበረ፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል አሜሪካውያን አንድ አንድ እየሠሩ የተዉዋቸው ትንንሽ አውሮፕላኖችም ሁለተኛ ያልወጣላቸው የጋራዥ ቅዠቶች እንደነበሩ በሙሉ ልብ ሲናገሩ ሰማሁ። በሙሉ ልብ መናገር ዕውቀትን የሚተካ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ።

ከነዚያ «ቅዠቶች» አንዱን ልጥቀስ። ፍሬድ ዊክ በቨርጂኒያ፣ ላንግሊ፣ በመንግሥት የኤሮኖቲክስ ቤተ ሙከራ መሐንዲስ ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር በትርፍ ሰዓቱ የሠራው ደብልዩ-1 የተባለ አውሮፕላን የበረረው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ሞተሩ ከኋላ የሚገፋ፣ ጅራቱም በሁለት ዘንጎች የተያያዘ መልከ ጥፉ ማሽን እንደነበር አልክድም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ተራ አብራሪዎችን ይፈጅ የነበረው አደጋ የታወቀ ነው፤ አብራሪው ዝቅ ብሎ ሲዞር መሪውን አብዝቶ ወደ ራሱ ይስባል፣ አፍንጫው ቀና ይላል፣ ፍጥነቱ ይወድቃል፣ ክንፉ የመሸከም አቅሙን ያጣል፣ አውሮፕላኑም እየተሽከረከረ ቁልቁል ይወርዳል። ዊክ ጥፋቱን ሁሉ በአብራሪው ላይ ከመጫን ይልቅ የጅራቱ መቆጣጠሪያ ወደ ላይ የሚሄድበትን መጠን ገደበው፤ አብራሪው የቱንም ያህል ቢስብ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና እንዳይል ማለት ነው። ለዚህ ኮምፒውተር አላስፈለገም።

ጎማውስ? በጊዜው የተለመደው አውሮፕላን ዋና ጎማዎቹ ከክብደቱ ማዕከል ፊት፣ ትንሹ ጎማ ደግሞ ከጅራቱ ሥር ስለነበሩ፣ ሲያርፍ ጥቂት ከተጣመመ ጅራቱ ፊቱን ለመቅደም ይሽቀዳደምና ማሽኑ ባለበት ይጠመዘዛል። ዊክ ዋናዎቹን ጎማዎች ከክብደቱ ማዕከል ኋላ አድርጎ ሦስተኛውን ከፊት ተከለ፤ አውሮፕላኑ ተጣሞ ቢያርፍ እንኳ የራሱ ክብደት ያቀናዋል። ከፊት ጎማ መትከል በቀደምቱ አውሮፕላን ሠሪ በግሌን ኩርቲስ ዘመን የነበረ፣ ከዚያም ችላ የተባለ ነገር ነው፤ ዊክ ከተጣለበት አነሣው።

«አንድ ብቻ ነው የተሠራው» የሚለው ውኃ የማያነሳ ክርክር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ዊክ እ.ኤ.አ. በ1936 ወደ ሜሪላንዱ ኤርኮ ኩባንያ ሲዛወር ሐሳቡን ይዞ ሄደ፤ በ1937 የበረረችው ኤርኩፕም የዚያ ብቸኛ አውሮፕላን ልጅ ነች። የእግር ፔዳል አልነበራትም፤ መሪው ሲዞር ክንፉና ጅራቱ አብረው ይታዘዛሉ። መንግሥትም በባሕርይዋ ተሽከርክሮ ለመውደቅ የማትችል መሆኗን መስክሮላታል። በ1946 ብቻ ከ4,000 በላይ ተሠርተዋል፤ በማሲስ የልብስና የቤት ዕቃ መደብር እንኳ ለሽያጭ ቀርባለች። ዘር የሚለካው በሰጠው አዝመራ እንጂ በራሱ ቁጥር አይደለም፤ ተንታኙ ግን ዘሩን ቆጥረው አዝመራውን ዘለሉት።

እ.ኤ.አ. በ1933 የአሜሪካ መንግሥት የአቪዬሽን ኃላፊ የነበረው ዩጂን ቪዳል ለሕዝቡ ቃል የገባው የ700 ዶላር አውሮፕላን እንዳልተገኘ እቀበላለሁ። ያ ግን በዋጋ አለመሳካት እንጂ የሐሳብ ውድቀት አይደለም፤ ሁለቱን መደባለቅ ደግሞ ከተንታኝ አይጠበቅም። እግረ መንገዴን ልጠይቅ፦ እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላንም አንድ ብቻ ነበረች፤ በጃንዋሪ 2024 ከጣልያን ስትመለስ እርሷንም የጋራዥ ቅዠት ሊሏት ነበር?

ተንታኙ በቀጣዩ ጉዟቸው ወደ አውሮፕላኑ ከመግባታቸው በፊት ጎንበስ ብለው ከአፍንጫው ሥር ያለውን ጎማ ይመልከቱ።