ማስተካከያ፦ የ«ዘ ዎኪንግ ዴድ» ሁለተኛ ሲዝን በጀት

ስለ አሜሪካዊው የዞምቢ (የሚንቀሳቀሱ ሙታን) ተከታታይ ድራማ «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ቀደም ሲል «በሁለተኛው ሲዝን የአንድ ክፍል በጀት ጨምሯል» ተብሎ የወጣው ትክክል አይደለም፤ ስህተቱ የመጣው ድምሩን ብቻ ከማየት ነው። በወቅቱ እንደተዘገበው የመጀመሪያው ሲዝን (እ.ኤ.አ. 2010) ለአንድ ክፍል 3.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲመደብለት፣ ሁለተኛው ወደ 2.75 ሚሊዮን ወርዷል። ክፍሎቹ ከ6 ወደ 13 ስለበዙ ግን ድምሩ ከ20.4 ወደ 35.75 ሚሊዮን ይደርሳል።

ቅነሳው ሊነካ ከሚችላቸው አንዱ ሜካፑ ነው። ካሜራው ተጠግቶ የሚያነሳው ዞምቢ ሜካፑ ፊቱ ላይ ቁራጭ በቁራጭ ተለጥፎ ሰዓታት ይፈጃል፤ ከኋላ ለሚንጋጋው ጭምብል ይበቃዋል። ድራማውን የሚያሳየው የነበረው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤ.ኤም.ሲ. አንዳንዴ ዞምቢዎቹ ሳይታዩ ድምፃቸው ብቻ እንዲሰማ ሐሳብ አቅርቦ እንደነበርም ተዘግቧል (ለሬዲዮ ድራማ ጥሩ ነበር)።

ድራማው የተቀረፀበት የአሜሪካው ጆርጂያ ግዛት ለፊልም ሥራ የሚሰጠው የግብር ቅናሽም ብዙ ጊዜ እንደሚባለው በደፈናው 30 በመቶ አይደለም፦ መነሻው 20 ነው፣ ቀሪው 10 የሚገኘው የግዛቱን የማስተዋወቂያ አርማ በሥራው ላይ በማሳየት ነው።