ኮዮቲ ይመስክር ከተባለማ…

ባለፈው ቅዳሜ በወረዳችን አዳራሽ የተወሰነውን ሰምታችኋል። የአንገት ማሰሪያ የሌለው ውሻ ሁሉ ሐሙስ ሌሊት መርዝ ይበላል። ምክንያቱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው ተብሏል። ልጃቸውን ውሻ የነከሰባቸው አንዲት እናት ከኋላ ተነሥተው «ክትባትስ ለምን አይሰጥም?» ብለው ቢጠይቁ፣ መድረክ ላይ የነበሩት ኃላፊ «አሜሪካ እንኳ ኮዮቲዋን ስትገድል ነው የኖረችው፤ እኛ ምን አቅም አለንና ነው ውሻ የምናስታምመው?» አሉና አዳራሹን በሳቅ ሞሉት። ሳቁ ሲበርድ ጥያቄው ተረስቶ ነበር።

መልካም፣ ኮዮቲ ከተጠራ ይመስክር።

ኮዮቲ የሰሜን አሜሪካ ቀበሮ ቢጤ ነው። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን ሮክ ክሪክ ፓርክ አካባቢ ሲያዩት «የማን ውሻ ነው የጠፋው?» የሚሉት እሱን ነው። እውነት ነው፣ አሜሪካኖች ከመቶ ዓመት በላይ ተኩሰውበታል፣ ወጥመድ አጥምደውበታል፣ ስትሪክኒን የሚባል መርዝ የተለወሰ ሥጋ በትነውበታል። ታዲያ አለቀ? ድሮ በምዕራቡ ሜዳና በረሃ ተወስኖ የነበረው አውሬ ዛሬ ከአላስካ እስከ ፓናማ ይዞራል፤ ቺካጎና ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ሳይቀር ይታያል። እነሱ ጥይት አጥሯቸው ነው እንዳንል ቴክሳስን የሚያውቅ ይስቅብናል።

ቴክሳስን ካነሣን አይቀር፣ ኃላፊው ያላነበቡት ገጽ እዚያ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. በደቡብ ቴክሳስ፣ በሜክሲኮ ድንበር በኩል፣ ኮዮቲዎች በዚሁ በሽታ መሞት ጀመሩ። ቫይረሱ የውሻ ነበር፤ አውሬው ከውሻ ነው የወሰደው። በሽታው ወደ ሰሜን እየገፋ ሄደ፣ ሰውም ሞተ። በ1995 ያ ሁሉ ጠመንጃ ያለው ሕዝብ ምን አደረገ? ክትባቱን በማባበያ ምግብ ውስጥ ከትቶ ከአውሮፕላን እንደ ዘር በተነው። ኮዮቲው በላ፣ ተከተበም። በ2007 አሜሪካ ከውሻ ወደ ውሻ ከሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነፃ መሆኗን አወጀች። በሽታው ሄደ፤ ኮዮቲው ግን እዚያው አለ። የእርስዎ ምስክር ይኸው ነው ጌታዬ።

ደግሞስ ቴክሳስ ድረስ ምን አስኬደን? ባሌ አለ አይደል? በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ቀርተዋል፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ተራራ ላይ ነው። በ1991፣ በ2003፣ በ2008፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ይኸው በሽታ ገብቶ ፈጃቸው፤ ያመጣባቸውም ከብት ተከትሎ የሚወጣው ያልተከተበ የእረኛ ውሻ ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ተጠቅልሎ ይጣልላቸዋል። እዚሁ አገር ውስጥ ለቀበሮ ሥጋ የሚጣለው እንዲድን ነው፤ የእኛ ወረዳ ሥጋ ይዞ የሚወጣው ለምንድን ነው?

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ያበደ ውሻ ጉሮሮው ሽባ ይሆናል፤ ለሃጩ የሚዝረበረበው መዋጥ ስላቃተው ነው። እንግዲህ መንገድ ላይ የተጣለውን የመርዝ ሥጋ ማን ነው የሚበላው? ጤነኛው ነው! ያውም ሰው የለመደው፣ እጅ ላይ የሚበላው፣ ከዘበኛ ጋር የሚያድረው፤ በአምስት ደቂቃ መርፌ ወግተህ የምትለቀው። ባለሙያዎቹ ከአሥር ውሻ ሰባቱ ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ ያጣል ይላሉ። እኛ ደግሞ ከሰባቱ እንጀምርና እንግደል ብለናል። በባዶው ሰፈር ከወንዝ ማዶ ያልተከተበው ይገባበታል፤ ቆሻሻው እንደሆነ አልተነሣ፣ የሥጋ ቤቱ አጥንት እንደሆነ አልቀረ። ከሦስት ዓመት በፊትም እንዲሁ ተደርጎ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ የቆሻሻ መኪና ሬሳ ሲጭን አይተዋል። ለፋሲካ ሰፈሩ እንደ ድሮው በውሻ ሞልቶ ነበር።

ሥጋ ቤቱ ደጃፍ የምትተኛው ዳማ አምና ሰፈሩ አዋጥቶ አስከትቧታል። ወረቀቷ ዘበኛው ጋሼ ኪስ ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ አለ፤ እጥፋቱ እስኪቀደድ ለስንቱ አሳይተዋል። የአንገት ማሰሪያም ነበራት፣ ልጆች ፈትተው ዝላይ ዘለሉበት። መርዝ ወረቀት ያነባል?

ያበደ ውሻ ይወገድ፣ በዚህ ከማንም ጋር አልጣላም። ለኪዳን በሌሊት የሚወጡ እናቶች የመንጋው ነገር እንደሚያስፈራቸውም አውቃለሁ። በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፣ ከመቶ አርባው ሕፃናት ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በዚህ መቀለድ አይቻልም የምለውም ለዚህ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ የቀለደው ግን እኔ አይደለሁም። እኚያ እናት ልጃቸው በተነከሰ ቀን ቁስሉን በሳሙና አጥበው፣ የሰው ክትባት ፍለጋ ሦስት ጤና ጣቢያ ዞረዋል። የመርዙ በጀት ግን በአንድ ስብሰባ ጸደቀ።

ሐሙስ ሌሊት ነው ተብሏል። ዳማን ግቢዬ አስገብቻታለሁ፤ የገበያ ገመድ ገዝቼ አንገቷ ላይ አስሬያለሁ። ሌሊቱን ስታላዝን አደረች፣ አልለመደችውም።