ክብሪት፣ ሶፍትና ህሊና

ፒያሳም ሆነ መርካቶ፣ ካናቴራ ሻጭ ፊት ቆማችሁ «የት አገር ነው?» ብትሉ መልሱ አንድ ነው፤ «የቱርክ ነው»። ስሙ የጣልያን፣ ልብሱ የቱርክ! ቱርኮች ይህን ሁሉ ሰፍተው መቼ እንደሚተኙ እግዜር ይወቅ። ጨርቁ ሳሳ ካለ «ለሙቀት ታስቦ ነው»፣ ወፈር ካለ «ለክረምት ነው» ይባላል። «እዚሁ አገር ቤት የተሰፋ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወይ ለሥራው አዲስ ነው፣ ወይ ሱቁን ሊዘጋ ነው።

ስለዚህ ሻጩን ትቶ ጨርቁን መጠየቅ ይሻላል። የሱቅ መብራት ሁሉን ያሳምራልና ካናቴራውን ይዛችሁ ወደ በሩ ጠጋ በሉ። («ጋሼ፣ ወዴት ነው?» መባሉ አይቀርም።) እጃችሁን ከውስጥ አስገቡ። ጣቶቻችሁ አንድ ሁለት ተብለው ከተቆጠሩ፣ የያዛችሁት ካናቴራ ሳይሆን መጋረጃ ነው። ለዘወትር የሚሆን ጥጥ በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 180 ግራም ቢመዝን ደህና ነው፤ ሚዛን ይዞ ገበያ የሚወጣ ስለሌለ ግን ጣት ይበቃል። ቀጥሎ አንገቱን ለጠጥ አድርጋችሁ ልቀቁት። ወደ ቦታው ካልተመለሰ፣ ከጥቂት እጥበት በኋላ ትከሻችሁ ላይ ይወርዳል። የጎንና የጎን ስፌቱን አጋጥሙና አንጠልጥሉት፤ ስፌቱ ከአሁኑ ወደ ፊት ከዞረ ሲታጠብ እምብርት አካባቢ ይደርሳል። ጨርቁ ሲቆረጥ ከመስመሩ ወጥቷልና ካውያ አይመልሰውም። ደማቅ ቀለም ከሆነ ደግሞ እርጥብ ሶፍት እሹበት። ሶፍቱ ከቀላ ቤት ያለው ነጭ ሁሉ ተራውን ይጠብቅ።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን ሰው ሠራሽ ፖሊስተር በእሳት መፈተንም አለ፤ ክብሪቱ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ጥጥ ሲነድ ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይበናል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ጠጣር ጥቁር ጠብታ ይሆናል። ይህን የሰማ ሁሉ ከጠርዙ የተንጠለጠለውን ክር ስቦ ያቃጥልና፣ ሲቀልጥበት «አጭበርባሪ!» ብሎ ሰፈሩን ያስነሳል። የመስፊያ ክር እኮ ንጹሕ ጥጥ ልብስ ላይም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ፖሊስተር ነው። መቃጠል ያለበት በውስጥ በኩል፣ ከስፌቱ ዳር፣ ከራሱ ከጨርቁ የተመዘዘ ክር ነው። እሱም ሻጩን አስፈቅዶ፣ ከሱቁ ወጥቶ፤ መርካቶ የእሳት ቀልድ አይወድም።

ርካሽም ጥሩም እፈልጋለሁ የሚል ሰው ዞሮ ዞሮ ሰልቫጅ ጋ ይደርሳል። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት ክልክል ስለሆነ ቦንዳው እንዴት እንደመጣ ማንም አያውቅም፤ በእግሩ ነው መሰለኝ። ብብቱንና የአንገቱን ጠርዝ ካያችሁ በኋላ አንድ ነገር አመስግኑት፦ የሚያጥረውን ያህል አጥሮ፣ የሚለቀውን ቀለም ለቆ ነው የመጣው። አዲስ ጥጥ ግን በመጀመሪያው እጥበት በመቶ 5 ያህል ሊያጥር ይችላል። 70 ሴንቲ ርዝመት ካለው 3 ሴንቲ ተኩል ሄደ ማለት ነው፤ ልክክ ያለውን አዲስ ካናቴራ መግዛት ለታናሽ ወንድም መግዛት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሰፋ ካናቴራ ባሕር ማዶ ተለብሶ በቦንዳ ቢመለስ፣ «የውጭ ነው» ተብሎ ዋጋ ይጨመርበታል።

ህሊናም አለ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ አስሮታል፤ ለደመወዙ ወለል ግን ቦርድ ይቋቋማል ብሎ አለፈው። የእኛ ሸማች ይህን አንብቦ ከልቡ ያዝናል። አዝኖም ሱቅ ይገባል። 600 የተባለውን 200 ብሎ ይጀምራል፣ ሁለት ጊዜ ተቆጥቶ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ይመለሳል፣ 280 ላይ ይጨባበጣሉ። ብሩን እየቆጠረ ህሊናው ድንገት ይነቃል።

«ለመሆኑ ይህን የሰፋችው ልጅ ስንት ይከፈላታል?»

«እሱን 600 ላይ እያለን ነበር መጠየቅ፣ ወንድሜ።»

የሰፊውን ፊት እያዩ መክፈል ለሚሻ የሰፈር ልብስ ሰፊ አለ። የካናቴራ ጨርቅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን መጀመሪያ ኦቨርሎክ (የጨርቁን ጠርዝ እየጠቀለለ የሚለጠጥ ስፌት የሚሰፋ መኪና) እንዳለው ጠይቁ። በተራ መኪና ቀጥ ብሎ የተሰፋ እንደ ጨርቁ አይለጠጥም፤ ጭንቅላት ሲገባ ክሩ ጠሽ ይላል። ለሸሚዝ ከሆነ ወርዱ 1.50 ሜትር የሆነ የጥጥ ፖፕሊን 2 ሜትር ለአንድ ወንድ ረጅም እጅጌ ይበቃል። ሳይሰፋ በፊት ይታጠብ፤ አለበለዚያ ልኩን የወሰደው ሰፊ ሳይሆን ውኃው ይሆናል። ቀብድ በግማሽ ይበቃል። «ዓርብ ይደርሳል» ሲላችሁ ደግሞ የየትኛው ወር ዓርብ እንደሆነ ወረቀቱ ላይ አስጽፉ።