የመጨረሻውን ጥያቄ አታበላሹብን

ይኼን ዛሬ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር የሚወድ ሰው ካለ ብሶቴን ይስማኝ።

ውድድሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ቁጭ ብለን እናያለን። ተወዳዳሪዎቹ ይለፋሉ፣ ነጥብ ይሰበስባሉ፣ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ከኋላ ይደርስበታል። ከዚያ የመጨረሻው ጥያቄ ይመጣል። መብራቱ ደብዘዝ ይላል፣ ሙዚቃው ልብ ያንጠለጥላል፣ አቅራቢው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እና ምን ይጠየቃል? አንድ ሰው የተወለደበት ቀን። የአንድ ተራራ ከፍታ በሜትር። የሆነ ውድድር ላይ ሦስተኛ የወጣው ማን እንደሆነ። ካወቅህ አወቅህ፣ ካላወቅህ አለቀ። የሚታሰብበት ነገር የለውም። ተወዳዳሪው ላብ በላብ ሆኖ ይቆማል፣ ግን የሚያሰላው ነገር ስላልተሰጠው ዝም ብሎ ይገምታል፤ ካሜራው ደግሞ ያንን ፊት አቅርቦ ያሳየናል፣ እያሰበ ነው ብለን እንድናምን።

የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው። ከባድ ጥያቄ ማውጣት ማንም ይችላል። አንድ ወፍራም መዝገብ ከፍተህ ማንም የማያስታውሰውን ቁጥር መምረጥ ነው። ጥሩ የመጨረሻ ጥያቄ ግን ሌላ ነገር ነው። መልሱን በቀጥታ ባታውቀው እንኳ ከምታውቃቸው ነገሮች ተነስተህ ልትደርስበት ትችላለህ። መልሱ ሲነገር ደግሞ ጭንቅላትህን ይዘህ "እንዴት አላሰብኩትም!" ትላለህ። የተሸነፈው ተወዳዳሪ ራሱ እንደዚያ ይላል። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ማውጣት ይቻላል። ሲቻል አይተናል። ስለዚህ "ምን ይደረግ፣ ጨዋታው ነው" የሚለውን ሰበብ አልቀበልም።

የአሜሪካኑን ጄፓርዲ ውሰዱ። መጀመሪያ የተላለፈው በ1964 (በፈረንጆቹ) ነው። መጨረሻው ላይ መጀመሪያ የጥያቄው ርዕስ ብቻ ይነገራል። ተወዳዳሪዎቹ ርዕሱን አይተው ካላቸው ነጥብ ምን ያህሉን እንደሚያስይዙ በየራሳቸው ይጽፋሉ። ከዚያ ጥያቄው ይወጣል፣ 30 ሰከንድ ይሰጣል፣ ያቺ የታወቀች ዜማ ትጫወታለች፣ ሁሉም መልሱን ይጽፋል። በቃ። ቀላል ነው፣ ንጹሕ ነው። ሰላሳው ሰከንድ የተሰጠው እንዲያስቡበት ነው፣ ስለዚህ ጥያቄውም የሚታሰብበት መሆን አለበት።

በ2011 የአይቢኤም ኮምፒውተር፣ ዋትሰን የሚባለው፣ ከሁለቱ ታላላቅ ተወዳዳሪዎች ከኬን ጄኒንግስና ከብራድ ራተር ጋር ተወዳደረ። የመጀመሪያው ጨዋታ የመጨረሻ ጥያቄ ርዕሱ የአሜሪካ ከተሞች ነበር። ጥያቄው በግርድፉ ይኼ ነው፦ ትልቁ አውሮፕላን ማረፊያዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀግና ስም ተሰየመ፣ በትልቅነት ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ጦርነት በተደረገ ውጊያ ስም፤ ከተማዋ ማን ናት?

እስቲ አንዴ ረጋ ብላችሁ እዩት። ይኼን አረፍተ ነገር ማንም በቃሉ አይዝም። ግን መንገድ አለው። ሁለት አውሮፕላን ማረፊያ ያላት ትልቅ ከተማ ናት። የጦርነቱን ትልልቅ ውጊያዎች አንድ በአንድ ታስታውሳለህ። በ1942 ፓስፊክ ላይ የተደረገው የሚድዌይ ውጊያ ትዝ ይልሃል። ሚድዌይ የሚባል አውሮፕላን ማረፊያ የት አለ? ቺካጎ! ከዚያ የከተማዋ ትልቁ ማረፊያ ኦሄር ትዝ ይልሃል፣ በጦርነቱ ጀግና በባሕር ኃይሉ አብራሪ ስም የተሰየመው። ተገጣጠመ። ሁለቱም ሰዎች ቺካጎ ብለው ጻፉ። ኮምፒውተሩ ቶሮንቶ አለ፣ አምስት የጥያቄ ምልክት ጨምሮበት። ቶሮንቶ ካናዳ ነው ያለው! ያስያዘው 947 ዶላር ብቻ ስለነበር ብዙም አልተጎዳም፣ ጠቅላላ ውድድሩንም ያሸነፈው እሱ ነው። ግን እዚያች ጥያቄ ላይ ያ ሁሉ መረጃ የተጫነበት ማሽን ወደቀ፣ ሰዎቹ አለፉ። እኔ ስለመጨረሻ ጥያቄ ሲወራ ሁልጊዜ የማነሳው ይቺን ነው።

ኬን ጄኒንግስ ራሱ በ2004 የወደቀበትም ጥያቄ እንደዚያው ነበር። ሰውየው በተከታታይ 74 ጨዋታ አሸንፏል። በሰባ አምስተኛው ላይ የመጨረሻው ጥያቄ መጣ። የዚህ ድርጅት 70,000 ወቅታዊ የቢሮ ሠራተኞች አብዛኞቹ በዓመት አራት ወር ብቻ ይሠራሉ የሚል ነው። ጄኒንግስ ፌዴክስ ብሎ ጻፈ፣ ጥቅል አመላላሹን ድርጅት። መልሱ ኤች ኤንድ አር ብሎክ ነበር፣ የሰዎችን የግብር ወረቀት የሚሞላው ድርጅት። ወቅታዊ ሠራተኛ ሲባል የማንም ሐሳብ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ በዓል ሰሞን ጥቅል ማመላለስ ነው፣ እኔም አልፈርድበትም። ግን ጥያቄው ፍንጩን አልደበቀም። የቢሮ ሠራተኛ ብሏል። አራት ወር ብሏል። አሜሪካ ውስጥ ግብር የሚታወጅበት ቀነ ገደብ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ነው፤ ከጥር ጀምረህ ቁጠር፣ አራት ወር ነው። ተፎካካሪው ናንሲ ዘርግ አገኘችው፣ አሸነፈችው። ያን ያህል ጨዋታ ያሸነፈ ሰው በአንድ ጥያቄ ሲወጣ ማየት ያማል። ግን ተበደለ የሚል የለም። እንደዚያ ነው መሸነፍ ያለበት ሰው፣ ሊደርስበት ይችል በነበረ ጥያቄ።

አሁን ይኼን ይዛችሁ የዛሬዎቹን ብዙዎቹን ውድድሮች እዩ። ጥያቄው ሳይሆን ማንጠልጠሉ ነው ፕሮግራሙ የሆነው። ተወዳዳሪው መልሱን ይናገራል። አቅራቢው ያየዋል። "እርግጠኛ ነህ?" ይለዋል። "መቀየር አትፈልግም?" ይለዋል። ወደ ቤተሰቡ ዞሮ "ምን ይሰማችኋል?" ይላል። ከዚያ ልክ መልሱን ሊናገር አፉን ሲከፍት "ከማስታወቂያ በኋላ እንገናኛለን!" ይላል። ኧረ በፈጠራችሁ! ጄፓርዲም እኮ ማስታወቂያ አለው፣ ግን እረፍቱ የሚመጣው ከርዕሱ በኋላ ከጥያቄው በፊት ነው፣ ተወዳዳሪዎቹም ሒሳባቸውን ሠርተው የሚያስይዙት በዚያ ሰዓት ነው። እረፍቱ ለጨዋታው ይሠራል። መልስ ከተሰጠ በኋላ የሚገባ ማስታወቂያ ግን ለማንም አይሠራም። ሰውየው መልሱን ጨርሷል! ከዚያ በኋላ የሚራዘመው የእሱ ጭንቀትና የእኛ ትዕግስት ብቻ ነው።

ማንጠልጠል ጭራሽ አይኑር እያልኩ አይደለም። በ1999 የአሜሪካው የሚሊየነር ውድድር ላይ ጆን ካርፔንተር የሚባል ሰው አስራ አምስተኛውና የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ደረሰ። ተወዳዳሪ ሲቸገር ለሚያውቀው ሰው ደውሎ እንደመጠየቅ ያለ እርዳታ ይፈቀድለታል፤ እሱ ግን እስከዚያ ድረስ አንድም እርዳታ አልተጠቀመም። ከዚያ ስልክ ልደውል አለ። ለአባቱ ደወለ። መልሱን ሊጠይቅ መስሏችኋል? እርዳታ አልፈልግም፣ ሚሊዮኑን ላሸንፍ ነው፣ ልነግርህ ብዬ ነው የደወልኩት አለው። መለሰ፣ አሸነፈ። ያንን ያየ ሰው አይረሳውም። ያ ስሜት የመጣው ከሰውየው ነው፣ ከሙዚቃም ከመብራትም አይደለም፣ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጦ "እዚህ ጋ ሃያ ሰከንድ አስረዝሙ" የሚል ሰውም አልፈጠረውም።

ጥያቄው ከትዕይንቱ ሲያንስ ወዴት እንደሚያደርስ ደግሞ ታሪክ አለ። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ትዌንቲ ዋን በሚባለው ውድድር አዘጋጆቹ መልሱን ለፈለጉት ሰው አስቀድመው ይሰጡ ነበር። ኸርበርት ስቴምፐል የሚባለው ተወዳዳሪ ደግሞ የሚያውቀውን ጥያቄ ሆን ብሎ እንዲሳሳት ተነገረው፣ ተመልካች የወደደው ቻርልስ ቫን ዶረን እንዲያሸንፍ። ቫን ዶረን በ1959 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ አመነ፣ በ1960 ደግሞ እንዲህ ዓይነት ማጭበርበር በሕግ ተከለከለ። የዛሬዎቹ ያጭበረብራሉ አላልኩም። ግን ተመልካች የሚፈልገው ድራማ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ያው ነው። ተመልካች ጥያቄም ይፈልጋል! እኔ ጥያቄ ልመልስ ነው ቁጭ ያልኩት!

ሌላው የእንግሊዙ የሚሊየነር ጉዳይ ነው። በ2001 ቻርልስ ኢንግራም ሌላ ሰው ትክክለኛው መልስ ላይ እየሳለ በሚሰጠው ምልክት እየተረዳ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ አሸነፈ ተብሎ ተከሰሰ፣ በ2003 ተፈረደበት። ሁሉም የሚያወራው ስለ ሳሉ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ግን ግሩም ነበር። 1 ተጽፎ 100 ዜሮ የሚከተለው ቁጥር ስሙ ማነው? ምርጫዎቹ ጉጎል፣ ሜጋትሮን፣ ጊጋቢትና ናኖሞል ናቸው። ናኖ በጣም ትንሽ ነገር ነው፣ ይውጣ። ጊጋ ቢሊዮን ነው፣ ዘጠኝ ዜሮ ብቻ፣ ይውጣ። ሜጋ ደግሞ ሚሊዮን ነው፣ ስድስት ዜሮ። ጉጎል ቀረ። ሳል የማያስፈልገው ጥያቄ ነበር እኮ።

እና አሁን ወደሚያንገበግበኝ። መልሱ ከተነገረ በኋላ ምንም አይባልም! ያ ሁሉ ደቂቃ ካንጠለጠላችሁን በኋላ "ትክክል!" ወይም "ያሳዝናል፣ መልሱ እንትን ነበር" ትላላችሁ፣ ወረቀት ከላይ ይበተናል፣ ስም ዝርዝር ይወርዳል፣ አለቀ። ለምን እሱ እንደሆነ አንድ አረፍተ ነገር የለም። ኦሄር ማን ነበር? ሚድዌይ ምንድን ነው? የተሸነፈው ሰው የት ጋ መንገድ ሳተ? ልጅ አብሮ እያየ "ለምን?" ቢል የሚመልስለት የለም። ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው ጊዜ "ምን ይሰማሃል?" ከሚለው ያንሳል።

ቤት ውስጥም ያላችሁ፣ ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ መልሱን የምትጮኹ፣ እናንተንም አልተውኳችሁም። ታውቁታላችሁ፣ እሺ። ሌላው ያስብበት እንጂ! በሌላ ሰዓት የተላለፈውን መልስ ሶሻል ሚዲያ ላይ በትልቁ ፊደል የምትለጥፉትም እንደዚያው። ገና ያላየ ሰው አለ።

አዘጋጆች ካነበባችሁት የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። የመጨረሻውን ጥያቄ የምታወጡት ሰዎች ጊዜ ይሰጣቸው። ጥያቄውን ከማጽደቃችሁ በፊት መልሱን ለማያውቅ ሰው አንብቡለትና በማሰብ ሊጠጋው ይችል እንደሆነ እዩ፤ ምንም መነሻ ካላገኘ ጣሉት። መልስ ከተሰጠ በኋላ ማስታወቂያ አታስገቡ። መልሱን ስትናገሩ ደግሞ ለምን እንደሆነ ግማሽ ደቂቃ አስረዱን፣ ከሙዚቃው ላይ ቀንሱለት።