እርማት፦ ሲሚንቶ የድሮ ድንጋይ ቤት አያጠነክርም

ስለ ኢጣሊያ የተራራ መንደሮች ሲነሳ «የመካከለኛው ዘመን ቤቶች ውበታቸው እንዲቆይ በሲሚንቶ ይጠናከሩ» ይባላል። ስሕተት ነው፤ ጉዳቱም ከባድ ነው።

በመካከለኛው ኢጣሊያ በአብሩዞ ክልል፣ 1,250 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችውን የሳንቶ ስቴፋኖ ዲ ሴሳኒዮን መንደር እንይ። ለዘመናት የቆመው ክብ ግንቧ እ.ኤ.አ. በ2009 በላኲላ የመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አናቱ ላይ የተጨመረው ኮንክሪት ከምክንያቶቹ አንዱ ተደርጎ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 በኡምብሪያ ክልል በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥም ከባድ የኮንክሪት ጣሪያ የተጫነባቸው ቤቶች ተደርምሰዋል። የእነዚህ ቤቶች ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ሁለት የድንጋይ ገጽ አለው፤ መሀሉ በስብርባሪ ድንጋይና በደካማ ኖራ የተሞላ ነው። ከላይ ግትርና ከባድ ነገር ሲወዛወዝበት ሁለቱ ገጾች ይላቀቃሉ፣ ወደ ውጭም ያብጣሉ።

በድንጋዮቹ መካከል የሚሞላ ሲሚንቶም እርጥበት አያስወጣም። ውሃው በድንጋዩ በኩል ለመውጣት ይገደዳል፤ በክረምት ብርድ በረዶ ሲሆን ለስላሳውን ድንጋይ ይልጠዋል። ሲሚንቶው ግን ሳይነካ ይቀራል፤ ብዙዎችን የሚያታልለውም ይኸው ነው።

ትክክለኛው ጥገና በኖራ ነው። አሮጌውን ሲሚንቶ በመሮና በመዶሻ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ጥልቀት ማውጣት፤ መቁረጫ ማሽን ግን የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል። ግድግዳውን ማርጠብ። 1 እጅ በውሃ የሚጠነክር የተፈጥሮ ኖራ ከ2.5 እጅ ንጹሕ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ መሙላት፣ ከዚያም ለቀናት በእርጥብ ጆንያ መሸፈን። ቶሎ ከደረቀ ይፈረፈራል፤ ከ5 ዲግሪ በታች ደግሞ አይሠራም። ለመንቀጥቀጡ፣ በወለሎቹ ከፍታ ትይዩ ግድግዳዎችን የሚያያይዝ፣ ጫፉ ውጭ በብረት ሳህን የታሰረ የብረት ዘንግ ይረዳል።